የፍል ውሃዋ እፍዬዎች

የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ አልወድም። አልወድም ማለት ያንሳል፤ ያናድደኛል። ሰሞኑን ጎረቤቴ አጥሩን እያስለሰነ ነው። ግንበኞቹ ከማለዳ ጀምረው አሸዋና ሲሚንቶ ያቦካሉ፣ ሽታው በመስኮቴ ይገባል፣ እኔም ከዘራዬን አንስቼ ከቤት እወጣለሁ። ባለቤቴ «ሰው አጥሩን ባሳመረ አንተን ምን አናደደህ?» ትለኛለች። ምን እንደሚያናድደኝ ታውቃለች፤ እንድረሳው ብላ ነው። ትናንት እንዲሁ ወጥቼ እዚሁ አምቦ፣ ሁሉቃ ድልድይ ላይ ቆሜ ሳለ፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አጠገቤ መጥተው ስልካቸውን እያዩ ያወራሉ። አንዱ «እዚህ ከተማ ድሮ ትንንሽ ድራጎኖች ነበሩ ይባላል» አለ። ሌላው ሳቀ። «ባክህ የሽማግሌ ተረት ነው!» ሽማግሌው ጎናቸው ቆሟል። ደሜ ፈላ። «ድሮ አይደለም!» ብዬ ጮህኩባቸው፣ «እናንተ አንደኛ ደረጃ ስትማሩ እዚህ ነበሩ! በእጄ ይዣቸዋለሁ!» ልጆቹ ደንግጠው «ይቅርታ ፋዘር» እያሉ ሄዱ። ይቅርታ መጠየቅ የነበረባቸው እነሱ አልነበሩም፤ እኔ ነኝ። ሳልሞት ልጻፈው ብዬ የተቀመጥኩት ለዚህ ነው።

ፍል ውሃዋ ከአሮጌው መናኸሪያ በታች፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው ኮረኮንች መንገድ መጨረሻ ላይ ነበረች። እንግዳ የሚሄድበትን ትልቁን መዋኛ ማለቴ አይደለም፤ ያቺን ትንሿን፣ የእኛን ማለቴ ነው። አራት በቆርቆሮ የተከለሉ መታጠቢያዎች፣ በድንጋይና በጭቃ የተሠራች አንዲት ልብስ ማውለቂያ ቤት፣ አንድ ትልቅ ዋንዛ። መግቢያው አምስት ብር ነበር። ሳሙና ካልያዝክ በሁለት ብር ግማሽ ሳሙና ይሸጥልሃል፤ ፎጣውን ግን አዴ ጫልቱ በነጻ ነበር የሚያውሱት፣ ያውም በፀሐይ ደርቆ ከረር ያለ ፎጣ። አዴ ጫልቱ ቦታውን ሲጠብቁና ሲያጸዱ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሴት ናቸው። ቅዳሜ ገበያተኛው ከነአቧራው ይመጣል፤ ሰኞ አስተማሪውና የቢሮ ሠራተኛው። በዚያ ዘመን ወጣቱ ሁሉ እግሩ ላይ የተሰፋ የሚመስል ጠባብ ሱሪ ነበር የሚለብሰው። ያንን ሱሪ ለማውለቅ አንድ እጁን ግድግዳው ላይ ይደገፋል፤ አዴ ጫልቱ ከውጭ ሆነው «ግድግዳውን ልቀቅ! መቀመጫ አለልህ አይደለም እንዴ!» ብለው ይጮሃሉ። ደጅ ላይ የቆመው ባጃጅ የሰሞኑን የኦሮምኛ ዘፈን መስታወቱ እስኪንቀጠቀጥ ያስጮኸዋል፤ ከአራቱም መታጠቢያ አብሮ የሚዘፍን አይጠፋም። ዘመኑ መንገዱ ዛሬ ተዘጋ፣ ነገ ተከፈተ የሚባልበት፣ ኔትወርክ ሄዶ ሳምንት የሚቆይበት ነበር። ስለዚያ ሌላ ሰው ይጻፍ። እኔ የምጽፈው ስለ ግድግዳው ነው፤ ምክንያቱም በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ እፍዬዎች ይኖሩ ነበር።

ስሟን ማን እንዳወጣላት አላውቅም። አማርኛ የሚናገረው እፍዬ ይላታል፣ ኦሮምኛ የሚናገረው አፉፍቱ፤ ሁለቱም ትንፋሿን አይቶ ነው። ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ጫፍ አንድ ስንዝር ተኩል ትሆናለች። ቆዳዋ ዝናብ የበላው ቆርቆሮ መልክ አለው፤ ጀርባዋ ላይ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፉ ሁለት የቆዳ ክንፎች አሏት። መብረር አትችልም። ከዋንዛው ላይ ራሷን ትለቅና እየተንሳፈፈች መጥታ ግድግዳው ላይ ትለጠፋለች፤ ወደ ዛፉ የምትመለሰው በእግሯ ነው። እሳት ትተፋለች ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር እሳት የሚተፋ እንስሳ አላጋጠመኝም። አንገቷ ሥር ግን ከረጢት አለቻት። ያንን የሚፍለቀለቅ የምንጭ ውሃ ትጠጣና ጋዙን እዚያ ታጠራቅመዋለች፤ ከረጢቱ እንደ ማስቲካ ይነፋል። ከዚያ በኋላ ውስጧ ምን እንደሚካሄድ የማይበት መሣሪያ አልነበረኝም፤ የትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ አንድ የተሰበረ ማይክሮስኮፕና የእንቁራሪት ሥዕል ነው የነበረው። ትንፋሹ ሲወጣ ግን ሞቃትና እርጥብ ነው። መዳፌን አስጠግቼ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ የተኛ ሕፃን እጅህ ላይ ሲተነፍስ እንደሚሰማህ ነው። ታጣቢው ሁሉ ሲጨርስ የመጨረሻዋን አንድ ጣሳ ውሃ ግድግዳው ሥር ባለችው የድንጋይ ጎድጓዳ ውስጥ አፍስሶላቸው ይወጣል። ማንም አላዘዘውም፤ የቤቱ ወግ ነበር። ጣሳውን ሳያፈስስ የሚወጣ ሰው ካለ የከተማው ሰው አይደለም ማለት ነው።

ኑሯቸውን ያስተማሩኝ አዴ ጫልቱ ናቸው። እኔ የጻፍኩት እሳቸው ያዩትን ነው፤ ይህንንም በሕይወት እያሉ ለማንም አልተናገርኩላቸውም። የእፍዬ ሴቶች ሁሉ እንቁላላቸውን አንድ ስንጥቅ ውስጥ ነው የሚጥሉት። ይህ የማን ነው፣ ያ የማን ነው የለም። አለቃም የላቸውም። እንቁላሎቹ ትንፋሽ ካላገኙ ይበርዳሉ፣ ከበረዱ ሞቱ ማለት ነው፤ ስለዚህ ሴቶቹ ተራ ይገባሉ። አንዷ ከረጢቷ እስኪሟጠጥ እንቁላሎቹ ላይ እፍ ስትል፣ አራት አምስቱ ከኋላዋ አፍንጫቸውን ከፊተኛዋ ጅራት አስጠግተው ይሰለፋሉ። ተተኪዋ በአፍንጫዋ ጅራቷን ስትነካት የፊቷ ተነስታ ትወጣለች፣ ሄዳ ትጠጣለች፣ ትበላለች፣ መጨረሻ ላይ ተመልሳ ትሰለፋለች። ተተኪ ካልመጣላት አትወጣም። ይህን ያዙልኝ፤ ተተኪ ካልመጣላት አትወጣም። እኔ አላምን ብዬ የልጄን ኩቴክስ ሰርቄ ጀርባቸው ላይ ነጠብጣብ እያደረግሁ አንድ በጋ ሙሉ ቆጠርኳቸው። ባልደረቦቼ «መምህር ኩቴክስ» እያሉ ሳቁብኝ። አንድ ቀን ሁለት ነጥብ ያላትን ድመት በላቻት፤ ከእሷ በፊት የነበረችው ባለ አንድ ነጥቧ በእሷም ተራ ጭምር ስትተነፍስ ውላ ሆዷ ከጀርባዋ ተጣብቆ አየኋት። ከዚያ ተራቸውን አሸጋሸጉ። አዴ ጫልቱ «አየህ መምህር፣ እነዚህ ከኛ ዕድር ይበልጣሉ» አሉኝ። እሳቸው አንተ ይሉኛል፣ እኔ አንቱ እላቸዋለሁ፤ በዕድሜ ብዙም አይበልጡኝም ነበር። ወንዶቹ ሌላ ናቸው። ምስጥና ዝንብ እያመጡ ስንጥቁ አፍ ላይ ያስቀምጣሉ፤ በጋው ሲገፋ ደግሞ ብዙዎቹ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። ወንዶቹ ብቻ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ፍል ውሃዋ ትታደስ ተባለና ሰባት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እኔም ስለ እንስሳት ያውቃል ተብዬ ገባሁበት። ኮሚቴው ጸሐፊ ነበረው፣ አቶ ግርማ የሚባል ሥራ ወዳድ ሰው። አንድ ከሰዓት መምህራን ክበብ ሻይ ይዘን ኳስ ስናይ «እነዚያ እንስሶች በበጋ የት ነው የሚሄዱት?» አለኝ። ሰው ስለ እፍዬ ሲጠይቀኝ ደስ ይለኛል፤ ከሁሉ የምወደው ወሬ እሱ ነበር። «ወደ ወንዙ ይወርዳሉ» አልኩት። ወንዶቹ ብዬ ልቀጥል ስል ጎል ገባ። ክበቡ በሙሉ ተነስቶ ጮኸ፣ ሻይ ተደፋ፣ እኔም ተነስቼ ጮህኩ። ወንዶቹ የምትለዋን ቃል ሳልላት ቀረሁ። ዛሬ ማን ከማን ጋር እንደተጫወተ እንኳ አላስታውስም።

በመሥሪያ ቤቶቻችን ደግሞ አንድ ልማድ አለ። ስብሰባ ባትገኝም ቃለ ጉባኤው ይዞርልሃል፣ እንደተገኘህ ሆነህ ትፈርማለህ። አንብቤ ልፈርም የሚል ሰው አስቸጋሪ ይባላል፤ «ምነው፣ አላመንከንም?» ይሉታል። ያን ሳምንት ሁለት ስብሰባ ቀርቼ ነበር። አቶ ግርማ መንገድ ላይ አግኝቶኝ ከባጃጅ ወረደና ወረቀቱን ባጃጇ ግንባር ላይ ዘረጋልኝ። «ስድስት ሰው ፈርሟል፣ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።» ሹፌሩ ሞተሩን አላጠፋም። ስሜን አየሁ፣ ከስሜ ትይዩ ባዶ ቦታ አየሁ፣ ፈረምኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለተማሪ «ጥያቄውን ሳታነብ መልስ አትስጥ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። አላነበብኩትም!

የጥር ወር ነበር። አንድ ጠዋት ክፍል ውስጥ ሳለሁ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አንኳኳና «አዴ ጫልቱ ቶሎ ይድረስልኝ ብለዋል» አለኝ። ጠመኔውን ይዤ ነው የሄድኩት። ስደርስ ግንበኞቹ የልብስ ማውለቂያዋን ግድግዳ ከሥር እስከ ላይ ለስነው ጨርሰዋል። ያ ሽታ አካባቢውን ሞልቶታል። አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መሬቱ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጮኸው ጮኸው ድምፃቸው ጠፍቷል። ብርቱካንማ ሰደርያ ያጠለቀው ወጣት ኢንጂነር ፋይሉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ቆሟል።

«ይሄ ግድግዳ ባዶ አይደለም!» አልኩት። «ውስጡ እንቁላል አለ፣ እናቶቹ አሉ!»

«ጋሼ፣ ረጋ ይበሉ። በበጋ ለቀው እንደሚወጡ ባለሙያ ተጠይቆ ነው።»

«የትኛው ባለሙያ? እንዲህ ያለው የትኛው ደንቆሮ ነው?»

ልጁ አልተቆጣም። ፋይሉን ከፍቶ ወረቀቱን በሁለት እጁ ሰጠኝ። ተራ ቁጥር አራት፦ ባለሙያው እንዳረጋገጡት እንስሳቱ በበጋ ግድግዳውን ለቀው ወደ ወንዝ ስለሚወርዱ፣ ልስኑ በጥር ወር ይከናወን። ከታች ፊርማዬ፣ ያ ረጅም ጭራ ያለው። አዴ ጫልቱ ፊደል አልቆጠሩም፤ ዝም ማለቴ ግን በቃቸው። ተነሱ። «ሰማህ መምህር፣ መዶሻ ቤቴ አለ። ሜ ኮቱ፣ ና እባክህ፣ ሳይደርቅ እንስበረው!»

ኢንጂነሩ «በቃለ ጉባኤ የጸደቀ በቃለ ጉባኤ ነው የሚሻረው» አለ። «ምረቃው ደርሷል፣ እንግዶች ይመጣሉ። ግድግዳውን የነካ በሕግ ይጠየቃል።» የአራት ሰው ፊርማ ካመጣሁለት ግን በደቂቃ እንደሚያፈርሰው ነገረኝ። እውነቱን ልናገር። መዶሻውን ያላነሳሁት ሕግ አክብሬ አይደለም። ግድግዳውን ብሰብር የት ሄጄ ምን እላለሁ? ሳላነብ ፈረምኩ ልል ነው? ጡረታዬ ሁለት ዓመት ነበር የቀረው። አፈርኩ፣ ፈራሁም። ለአዴ ጫልቱ ያልኳቸው ግን «በሕጉ እናስኬደው» ነው። ትክ ብለው አዩኝ። «እነሱ ሕጉን ይጠብቃሉ?» አሉኝ።

አቶ ግርማ ደንግጦ አዲሱን ቃለ ጉባኤ ያኑ ቀን ጻፈልኝ፤ ይህን አልክድበትም። እሱ ጸሐፊ ስለሆነ ድምፅ የለውም፤ ከእኔ ሌላ ሦስት ፊርማ ያስፈልገኛል። አምቦ ያሉት ሦስቱ አባላት «የፈረምነውን አንሽርም» አሉኝ፤ የቀሩት ሦስቱ ደግሞ ያን ሰሞን ከተማው ውስጥ አልነበሩም። የመጀመሪያው ኦቦ ለሜሳ ለቅሶ ሄደው እጃጂ ናቸው። በሚኒባስ ወርጄ ድንኳን ገባሁ። ለቅሶ ቤት ገብተህ ወረቀት አታወጣም፤ ተቀመጥኩ፣ ንፍሮ ዘገንኩ፣ «ዋቃ ያጽናችሁ» አልኩ፣ አደርኩ፣ በማግስቱ ሰው ሲቀንስ ፈረሙልኝ። ሁለተኛዋ ወይዘሮ ወደ እንጭኒ ተዛውራለች። አምቦ ተመልሼ በሆለታ ዞሬ ስሄድ መንገዱ ተዘጋ ተባለና ሁለት ቀን ሆለታ ቆየሁ። እንጭኒ ስደርስ ደግሞ «ሰብሳቢው ሳይፈርም እኔ ቀድሜ አልፈርምም» አለችኝ። ሦስተኛው ሰው፣ ሰብሳቢው ራሱ፣ አስተርዮ ማርያምን ለማክበር አዲስ ዓለም ሄዷል። አዲስ ዓለም ሄድኩ። ሰብሳቢው በነጭ ጋቢ ዘመዶቹ መሐል ተቀምጧል። «በበዓል ቀን ወረቀት? ታቦቱ ይግባ እንጂ» አለኝ። ታቦቱ ገባ። «ምሳ ይቅደም።» ምሳ በላን። ፈረመ። በማግስቱ ወደ እንጭኒ ተመልሼ ሴትየዋን አስፈረምኩ። ፊርማዎቹን ስቆጥር ደስ አለኝ። ደስ አለኝ! ያቺ ደስታ እስከ ዛሬ ታሳፍረኛለች።

ከእጃጂ በተመለስኩበት ዕለት በፍል ውሃዋ አልፌ ነበር። አዴ ጫልቱ ግድግዳው ሥር በርጩማ አድርገው ተቀምጠዋል። «ሀርከ ኬ ፊዲ» ብለው እጄን ያዙና ልስኑ ላይ ለጠፉት። አንድ ቦታ፣ መዳፍ በምታህል ቦታ፣ ሲሚንቶው ይሞቃል። ሌላው ሁሉ ቀዝቃዛ ነው። «ውስጥ ከሥር የሚያዣውን ውሃ እየጠጡ ነው፣ አላቆሙም» አሉኝ። ከላይ ደግሞ ውጭ የቀሩት ሴቶች ልስኑ ላይ ተለጥፈዋል። ተራቸው ደርሶ መግባት ያቃታቸው ናቸው። ይቧጭራሉ፣ ይወድቃሉ፣ ዋንዛው ላይ ይወጣሉ፣ እንደገና ተንሳፍፈው ይመጣሉ። ያ የተወለወለ ልስን መዳፍ በምታህለው ቦታ ዙሪያ በጥፍር ተዥጎርጉሯል። ወረቀቴ በኪሴ ነበር። «ሁለት ፊርማ ብቻ ነው የቀረኝ» አልኳቸው። መዳፋቸውን ሞቃቷ ቦታ ላይ መልሰው አሳረፉ።

እነዚያ ውጭ የቀሩት በኋላ ወደ ወንዙ ወርደው ቀሩ። በቀጣዩ ዓመት አንዲትም አልተመለሰችም፤ በሁለተኛውም እንዲሁ። በጉደር በኩል ፈልጌያለሁ፣ ድንጋይ ሁሉ ገልብጫለሁ፣ የለም። ፍል ውሃዋም ተመርቃ ዓመት ሳይሞላት ውሃው ቀነሰ ተብላ ተዘጋች፤ ዛሬ ቦታዋ ላይ መኪና ይታጠባል። ለኮሚቴው አባላት የምስጋና ወረቀት ተሰጠን። የእኔን ቀድጄዋለሁ፣ ቢቀደድ ምን ሊጠቅም! አዴ ጫልቱ ካረፉ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። ቀብራቸው ላይ ስለ እሳቸው ተናገር ተብዬ በነጻ ስለሚያውሱት ፎጣ ብቻ ተናገርኩ።

አራቱን ፊርማ ይዤ አምቦ የገባሁት በዘጠነኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ነው። ከመናኸሪያ እስከ ፍል ውሃዋ በዚያ ዕድሜዬ ሮጥኩ። ኢንጂነሩ ወረቀቱን አንብቦ «ጥሩ፣ ይፍረስ» አለ፤ ልጁ እንዳለው በደቂቃ ነው የፈቀደው። አዴ ጫልቱ ግን መዳፋቸውን ከግድግዳው ላይ አንስተው ነበር። «ትናንት ማታ በረደ» አሉኝ። ግንበኛውን አልጠበቁም፤ መዶሻውን ራሳቸው አነሱና ልስኑን ቀስ እያሉ፣ ሕፃን የተኛበት ቤት በር የሚከፍቱ ያህል ቀስ እያሉ አፈረሱት። ስንጥቁ ተከፈተ። እንቁላሎቹ እንደተከመሩ አሉ። ከላያቸው አንዷ አፏን ከፍታ ደርቃለች። ከኋላዋ አምስት ተሰልፈዋል፣ እያንዳንዷ አፍንጫዋን ከፊተኛዋ ጅራት አስነክታ፤ አምስቱም ደርቀዋል። የወደቀውን የልስን ቁራጭ አንስቼ ገለበጥኩት። ውጪው በጥፍር ጭረት ተሞልቷል። ውስጡ ለስላሳ ነው፤ አንዲት ጭረት የለበትም። ለመውጣት አልሞከሩም። ተራ ላይ ነበሩ።

አዴ ጫልቱ ቁራጩን ከእጄ ተቀበሉና ለስላሳውን ጎን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ቀና ብለው፣ ሳይቆጡ፣ የማያውቁትን ነገር እንደሚጠይቅ ሰው ጠየቁኝ፦

«መምህር፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ማን ይመጣልናል ብለው ነው?»

ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩት።